የመጨረሻው ገጽ ደጋፊዎች

ልጄ ንፋስ መውጫ ታስተምራለች። ልብ ወለድ ጽፋ ማተሚያ ቤቱ ክፍያውን አስቀድሞ ቢጠይቃት፣ «ሳይታተም ግዙኝ፤ የከፈለ ሁሉ ስሙ በመጨረሻው ገጽ ይወጣል» ብላ በቴሌግራም አስታወቀች። ስልክ ለማይነካኩት፣ እኔ ለምኖርባት ለወገዳ ሴቶች ግን የተላክሁት እኔ ነኝ።

ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም። የሰው ስም የሰፈረበት መጽሐፍ የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ያለውን ነው። መጽሐፍ ያስጻፈ ሰው በክርስትና ስሙ ይጻፋል፤ ካህኑም በጸሎት ያነሣዋል። ስለዚህ በማኅበራችን ቀን ጎረቤቴ «የቱን ስም ነው የምንሰጥ?» ስትለኝ፣ «የክርስትናውን ነዋ» አልሁ።

ሴቶቹ አልወደዱትም። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ድግምት ይሠራበታል። አገር ለአገር ለሚዞር መጽሐፍ ማን ይሰጣል?

«በሉ የባሌን ጻፉልኝ» አለች ጎረቤቴ በመጨረሻ። «እሱን እንግዲህ አፈር ከለበሰ ወዲያ ድግምት አያገኘው።»

«መጽሐፉ እኮ የፍቅር ነው አሉ» አለቻት ሌላዋ።

«ይማርበታ! በቁሙ ያላወቀውን።»

ሳቅን። ሳቁ ሳይበርድ ሁሉም የሙታናቸውን ስም ያቀብሉኝ ጀመር፤ የእናት፣ የወንድም፣ በወሊድ የቀረች እህት። እኔም የራሴን ሟች ጨመርሁ። ከዚህችኛዋ በፊት የወለድኋት፣ አፏን ሳትፈታ የሞተችብኝ ልጅ ነበረችኝ። ለልጄ ግን ስሞቹ የማን እንደሆኑ አልነገርኋትም፤ እሷም ዝርዝሩን ሳታነበው ለማተሚያ ቤቱ አሳለፈችው። የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው፤ ቅር እንዳይላት ፈራሁ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ሴቶቹን ወገዳ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ቀትር ነበር፤ ግን ጉም ወርዶ መስኮቱን ሁሉ ነጭ አድርጎታል። ምስጋናዋን ጨርሳ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

«ስማችሁን ስጠራ አቤት እያላችሁ ተነሡ። ይጨበጨብላችኋል።»

የጎረቤቴ ባል ተጠራ። ጎረቤቴ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ቀስ ብላ ተነሣችና «አቤት» አለች። የምትቀልደዋ ሴት ድምፅ አልመሰለኝም። ያጨበጨበ የለም። ቀጥሎ ሌላ ስም፣ ሌላ ሴት፣ ሌላ «አቤት»። የወንድ ስም ተጠርቶ ሴት ስትነሣ ልጄ ግራ ገባት፤ ቢሆንም ማንበቧን አላቋረጠችም። የተነሡትም አልተቀመጡም፤ ቆመው ቀሩ። ጉሙ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ።

የሠራሁት የታየኝ ያን ጊዜ ነው። የሁለቱም ልጆቼ ክርስትና በአንድ ታቦት ዕለት ስለዋለ፣ ቄሱ ለሁለቱም ያንኑ ስም ነበር ያወጡላቸው። ይህችኛዋን በዓለም ስሟ ብቻ ስለምጠራት ያ ስም በልቤ የሟቿ ሆኖ ቀርቷል። በሟቹ ፈንታ ዘመዱ አቤት ቢል ምንም አይደለም። ከሟች ጋር አንድ ስም ያለው ሰው ግን ሙታን በሚጠሩበት «አቤት» ካለ ይከተላቸዋል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት።

ልጄ ስሙ ላይ ደረሰች። አነበበችውና ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«እንዴ፣ ይኼማ የእኔው ነው!» አለች። ቀኝ እጇን አነሣች፤ አፏን ከፈተች።

«አቤት!» ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ። አግዳሚው ወንበር ከኋላዬ ወደቀ። ልጄ እጇን እንዳነሣች ደርቃ ቀረች፤ ቃል አልወጣትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀደምኋት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁሉንም ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ጥቂት እንደሄድን ቆመች።

«እማዬ፣ አዳራሹ ውስጥ ቀድሞሽ አቤት ያለው ማን ነው?»

«ማንም። እኔ ነኝ።»

«ያንቺንማ ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች። «ያኛው የሕፃን ነበር።»

ያቺ የሞተችው ልጄ በሕይወት ሳለች አቤት ማለት አልደረሰችም ነበር። ይህን ለእህቷ አልነገርኋትም። ክንዷን ይዤ፣ ወደ ኋላ ሳልዞር፣ ጉሙን ሰንጥቀን ቤት ገባን።