በባሕር መካከል እጅ ማንሳት

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለሰው በነገርኩ ቁጥር ገና መሐሉ ላይ ስደርስ እየሳቁ ያቋርጡኛል። በጽሑፍ ቢሆን የሚያቋርጠኝ የለም ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

የምኖረው በሰው አገር፣ ኦሮራ ከተማ ነው። አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ። ስንቱን ባለ ገለባ ባርኔጣ ወደ ቬኬሽን ስሸኝ ኖሬ፣ እኔ ራሴ ለመዝናናት ብዬ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። ልጄ ማህሌት ነርሲንግ ስትመረቅ ግን፣ «ማሚ፣ ሲያትል ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ቀን አብረን ባሕር እንገባለን» አለችና ትኬቱን ቆረጠች።

እውነቱን ለመናገር እኔን ያስጨነቀኝ ባሕሩ አልነበረም። ማህሌት ከጊዜ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው እኔን ለማድረስ ብቻ ነው። ፓርክ አድርጋ መኪና ውስጥ ስልኳን ስታይ ታረፍዳለች። ሲያትል ስትሄድ ማን «ጸልዪ» ይላታል? ይህ ነበር የሚያብሰለስለኝ።

ጥንቃቄ አበዛለሁ። ጉዞው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ እንዲውል አደረግኩ፤ ጾም ስለሌለ የጀልባውን ምሳ ሳልጠያይቅ እበላለሁ። ደግሞ አንድ ወር ሙሉ እዚህ ኦሮራ ፑል ውስጥ ስኖርክል ተለማመድኩ። ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ በቱቦ መተንፈስ ነው፤ ምንም አልከበደኝም።

ካንኩን የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በገባን ማግስት ካታማራን በሚሏት፣ ከሥር ለሁለት በተከፈለች ሰፊ ጀልባ የባሕር ኤሊዎች ወደሚታዩባት አንዲት ደሴት ሄድን። እኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ የዋና ልብስ ለብሼ ሻሽ አስሬያለሁ።

«ማሚ፣ ኒንጃ መስለሻል» አለችኝ።

አስጎብኚው ሉዊስ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ከፈለን። «ደህና ከሆናችሁ እጃችሁን አናታችሁ ላይ አድርጉ። እርዳታ ከፈለጋችሁ ወደ ላይ አንሱ» አለ። ሁላችንም «ኦኬ» አልን።

ገባሁና ፊቴን ነከርኩ። ፑሉ ሥር የማውቀው ነጭ ታይል ነው። እዚህ ግን ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ ባለ መስመሩ ዓሣ በጎኔ ይርመሰመሳል። በልቤ «አቤት ሥራህ!» ብዬ ሁለት እጆቼን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ።

ሉዊስ ከየት መጣ ሳልል ደረሰ። አንድ ቀይ ተንሳፋፊ ነገር ብብቴ ሥር ወሽቆ ይጎትተኝ ጀመር። ቱቦው አፌ ውስጥ ስለሆነ የማስረዳው ሁሉ «ቡ፣ ቡ፣ ቡ» ሆኖ ይወጣል። ይህን ሲሰማ ይባስ ደነገጠ።

«ማሚ! ምን ሆንሽ?» አለች ማህሌት፣ ጀልባዋ ላይ ወጥቼ ቱቦውን ስተፋ።

«ምንም። አመስግኜ ነው።»

«በእጅሽ?»

«ታዲያ በምኔ ላመስግን?»

እንደገና ገባን። ብዙም ሳንቆይ አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ ጫፉን እንደ ካህን ካባ እያርገበገበ ከሥሬ አለፈ። እጄ መቼ እንደተነሳ አላውቅም። ሉዊስ መጣ። ጀልባዋ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ «ይቺ ሴትዮ ዛሬ ስንቴ ነው የምትሰምጠው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሉዊስ ግን አልሳቀም። «አንድ ጊዜ ከተደገመ ሁለታችሁም ጀልባ ላይ ትቀመጣላችሁ። የእውነት የሚሰምጥ ሰው ቢጠራኝስ?» አለ። እውነቱን ነው። አፈርኩ።

ማህሌት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ማሚ፣ ፕሊስ። ኤሊዎቹ ጋ ገና አልደረስንም። ልጅ ሆኜ ዊክኤንድ ሁሉ ሥራ ነበርሽ። አንድ ቀን ነው የለመንኩሽ። ለአንድ ሰዓት መጸለይ ስቶፕ ማድረግ አትችይም?»

ንግግሯ ወጋኝ። ቢሆንም «እሺ» አልኳት። ሁለት እጆቼን የላይፍ ጃኬቱ ማሰሪያ ውስጥ ሸጉጬ ገባሁ።

ኤሊዋን አገኘናት። ከሥራችን የባሕሩን ሣር ትግጣለች፣ የሚያስቸኩላት ነገር የለም። ከዚያ ቀና አለችና ቀስ እያለች ወደ እኛ ወጣች። በመሐላችን አልፋ፣ አፍንጫዋን ከውኃው አውጥታ አየር ሳበች። እጆቼ ማሰሪያው ውስጥ ይታገላሉ። ቱቦውን ነክሼ ቻልኩ።

ቀና ስል ማህሌት ሁለት እጆቿን ሽቅብ ዘርግታለች።

ክው አልኩ። ልጄ ሰመጠች ብዬ ጮህኩ፤ የወጣው ያው «ቡ» ነው። እጆቼን ከማሰሪያው መንጭቄ ሄጄ ተጠመጠምኩባት። ቱቦዋን ተፍታ፣ «ማሚ፣ አየሻት? ተመስገን! ኦ ማይ ጋድ፣ ተመስገን! አየሻት?» አለችኝ። እጆቿ ገና አልወረዱም።

ሉዊስ ደረሰ፤ ማንኛችንን እንደሚጎትት ግራ ገባው። በኋላ ሁለታችንንም አወጣንና እንዳለው አደረገ። የቀረውን ሰዓት ፎጣ ተከናንበን ሌሎቹ ሲዋኙ አየን። ማህሌት የምትቆጣ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን «እጄ እኮ በራሱ ነው የተነሳው» እያለች ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«የእኔስ መቼ አስፈቀደኝ?» አልኳት።

አሁን ሲያትል ናት። እሑድ እሑድ ስንደዋወል «ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ ወይ?» ማለት ትቻለሁ። አፌ ላይ ይመጣና እመልሰዋለሁ። ሉዊስን ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ። ባገኘው እጄን ስላነሳሁባቸው ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ስለ ሦስተኛው ግን አልጠይቅም።