በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ዘፈን

የቴፑን ሆድ ስከፍተው መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው። የዛገ ብረትና የፈሰሰ ድንጋይ፣ ከሥሩ ደግሞ የበግ ጠጉር። ድንጋይ የምልህ የባትሪ ድንጋዩን ነው። ትናንት ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራውን ስጠርግለት ያው ሽታ መጣብኝና ተቀመጥኩ።

ወድጄ አላወጣሁትም። አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ መጥቶብኝ ነው። ጠጉሩን ያጎፈረ፣ ኮምፒውተር በጀርባው ያዘለ። የድሮ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ እሰበስባለሁ አለኝ። በደርግ ጊዜ እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ የወጣች አንዲት ካሴት አለች፤ አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያለባት፤ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች አብደውላታል አለኝ። ከስልኩ ከፈተልኝ። ያ እንደ አይጥ የቀጠነ ድምፅ ቤቴ ውስጥ ተንጫጫ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ለመሆኑ ምኑን ነው የሚነቀንቀው?

«ድምፃዊቷ በሕይወት ትኖር ይሆን?» አለኝ።

«አላውቃትም» አልኩት። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ድምፃዊት አልነበረችም። ወንድሜ ነበር።

አባታችን ባና ሠሪ ነበሩ፤ ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ብርድ ልብስ። የመንዝ ብርድ ያለ ባና አይቻልም፤ ስለዚህ ሥራ አላጡም። የበጉን ጠጉር በደጋን ይነድፉታል፣ እናታችን በሕይወት ሳለች ትፈትለው ነበር፣ እሳቸው ይሸምኑታል። ደጋኑ ትልቅ ነው። ጅማቱ ሲመታ ድው ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ ድው። ከጆሮ ይልቅ በደረት ነው የሚሰማ። ከጓሮ ያ ድምፅ ካልመጣ ቤቱ ሰው ያለበት አይመስልም ነበር። ማንም እንዲነካባቸው አይፈቅዱም። ደጋኔ እንደ ሚስቴ ነው ይሉ ነበር፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ግን ይህን ማለት ተዉ።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ተምሮ ትልቅ ሰው ይሆናል ተብሎ ነበር። ማትሪክ ወደቀ። አዲስ አበባ አጎታችን ዘንድ ዓመት ከርሞ ሲመለስ ክንዱ ሥር ትንሽ ኦርጋን ሸጉጦ መጣ። የሆቴል ባንድ ውስጥ ይጫወት የነበረ ሰው ነው የለቀቀለት። በድንጋይ የሚሠራ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ከበሮውን ራሱ የሚመታ። አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ኦርጋኑን አዩ፣ ቀጥለው እሱን አዩ። ከዚያ ወደ ደጋናቸው ተመለሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አላናገሩትም።

አላናገሩትም ስልህ እንዲሁ ተኳረፉ ማለቴ አይደለም። ሦስታችን አንድ መሶብ ከበን፣ «ለዚያ ልጅ ወጡን አስጠጋለት» ይሉኛል። እሱም «አባዬን በቃኝ በልልኝ» ይለኛል። ክርናቸው እየተነካካ እኮ ነው! እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ የገዛ ቤቴ ውስጥ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ሰፈርተኛውስ? ስለ ሰፈርተኛው ባልነግርህ ይሻላል። «የሰይጣን ሳጥን ይዞ መጣ» ያሉት እነሱ ናቸው። «ማትሪኩ እዚያ ውስጥ ነው ወይ? ክፈተውና እንየው» ብለው ውኃ ስንቀዳ የሚስቁብን እነሱ ናቸው። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። ጨዋ ናቸዋ!

እሱ ግን ዘፈን ይሠራ ነበር። ጥቅምት ላይ ጨረሰው። ለማን ነው ብዬ ስጠይቀው ቁልፎቹን መጫኑን ቀጠለ። በኋላ ግጥሙን ስሰማ አልጠየቅሁትም።

*ባናዎ ሞቆኛል፣ ሌሊቱም አይከፋ፣*
*ዝምታዎ እንጂ ነው፣ አጥንቴን ያጠፋ።*

ለአባታችን ነበር። በቃላት ማናገር ክልክል ሆነበት፣ ስለዚህ በገበያ ቀን፣ ገበያው ዳር ባለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያ ሊነግራቸው አሰበ። «ሰው ሁሉ እየሰማ ዝም ሊሉኝ አይችሉም» አለኝ። ይህ ብቻ ነበር ሐሳቡ። ዝና አልፈለገም።

አባቴ ሞላሌ ለቅሶ ሊደርሱ የሄዱ ቀን ቀዳነው። ኦርጋኑ ስድስት ድንጋይ ይበላል፣ ቴፑ አራት። የነበረን አዲስ ድንጋይ ስድስት ነው። ለኦርጋኑ ሆነ። ለቴፑ አሮጌዎቹን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጥቼ፣ አንድ በአንድ በጥርሴ ነከስኳቸው። እኛ ዘንድ የደከመ ድንጋይ እንዲህ ነው ነፍስ የሚዘራው። ሌላ ካሴት ከትቼ ሞከርኩት፤ ዘፋኙ ሲዘፍን ሰማሁ፣ ካሴቱ ሲዞር አየሁ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?

«ድንጋዩ ይበቃል?» አለኝ።

«ይበቃል» አልኩት።

ይህችን ቃል ልብ በልልኝ።

የውጪው ነፋስ እንዳይገባብን ሁለት ባና ከላያችን ላይ ጣልን። ከሥሩ ጨለማ ነው። ያልታጠበ የበግ ጠጉር ሽታ፣ የወንድሜ ትንፋሽ፣ የኦርጋኑ ቀይ መብራት። የአባቴን ደጋን እኔ ያዝኩ። «ከበሮው ሁለት ሲመታ አንዴ ምታ፤ አንተ ቀርፋፋ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ፍጠን» አለኝ። ድው አልኩ። ከበሮው ቲክ ቲክ ይላል፣ ደጋኑ ድው ይላል፣ እሱ በወፍራም ድምፁ ቀስ ብሎ ይዘፍናል። በሦስተኛው ተሳካ። መልሰን በዚያው ቴፕ ሰማነው። ራሱ ነበር። በባናው ሥር እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና «አንተም ዘፋኝ ሆንክ» አለኝ። ያንን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ታውቅ ይሆናል። ድንጋዩ ደክሞ ስለነበር ቴፑ ቀስ ብሎ ነበር የሚዞረው። ቀስ ብሎ የቀዳውን ቀስ ብሎ ሲያሰማን ትክክል መሰለን። ጄኔሬተር ባለው ሰው ቴፕ ላይ ሲገባ ግን ይሮጣል። የሰው ድምፅ ደግሞ ሲሮጥ ይቀጥናል።

የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ካሴቱን ተቀብሎ «አባዛዋለሁ፣ ፈቃዱንም እኔው አስጨርሳለሁ» አለ። የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ሲናገር ያንን ጥርስ የሚያሳይ ሰው ነበር። ዘፈን ቤቱን የሞላው ሰውዬ አንድም ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቶ አያውቅም። ፈቃድ የሚሰጠው የደርጉ የኪነት ኃላፊ ነው። እሱ ደግሞ መነጽሩ ያለ መስታወት ይበቃው ነበር፤ የሚያየው ነገር አልነበረውም።

የገበያው ቀን ወንድሜ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። አባቴ ባናቸውን ከሙዚቃ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር የሚዘረጉት። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። ወንድሜ ከሙዚቃ ቤቱ ግድግዳ ተለጥፎ አባቴን ያያል። ፀሐይ ነበረ። በጎች ይጮሃሉ፣ የእህል ገለባ በአየር ላይ ያብረቀርቃል።

ድምፅ ማጉያው ተንኳኳና ጀመረ።

መጀመሪያ አላወቅሁትም። ከበሮው እንደ ሽምብራ ቆሎ ይንጣጣል። ደጋኑ እንደ ትንኝ ጥዝ ይላል። ከዚያ ድምፅ መጣ። የሴት ልጅ ድምፅ። አሥር ዓመት የሞላት የማትመስል ልጅ በጥድፊያ «ባናዎ ሞቆኛል» ትላለች።

ወንድሜን አየሁት። አፉ ተከፍቷል።

ከዚያ አንዷ ቅቤ ሻጭ «ውይ፣ ባሏን አንቱ ትላለች!» አለች። «ለሽማግሌ ድረዋት ነዋ!» አለ ሌላው። ከዚያ ሳቁ ተነሣ። ልጆች መዝለል ጀመሩ፣ ጎረምሶች እስክስታ ወረዱ። ውኃ መቅጃው ላይ የሚስቁብን እነዚያው ሴቶች በጭብጨባ አነሡት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመሐል ሜዳ የሚዘፈነው ይኸው ሆነ። ለካ የኛ ሰው ሙዚቃ የሚወደው ሲያላግጥበት ነው።

አባቴ አልሳቁም። ባናውን እያጣጠፉ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ወደኔ ዞሩና እንዲህ አሉኝ፦

«ምስኪን። ልጅ ናት እኮ። ለመሆኑ አባቷ ምን ዓይነት አረመኔ ነው?»

ወንድሜ ቅርብ ነበር። ሰምቷል።

ሮጦ ወደ ውስጥ ገባ፣ ተከተልኩት። «አጥፋው! ተበላሽቷል፣ ደግሜ እቀዳዋለሁ!» ይላል። ባለቤቱ የወርቅ ጥርሱን አሳየው። «አብደሃል? ሰው እየጨፈረበት!» የኪነት ኃላፊውም እዚያው ተቀምጦ ነበር። «ጓድ፣ የተፈቀደው ይህ ነው። የፊውዳል ጋብቻን የሚያጋልጥ፣ የጭቁን ሴቶችን ብሶት የሚያሰማ ሥራ ነው ብዬ ፈርሜበታለሁ።»

«እኔ ነኝ የዘፈንኩት! ለአባቴ ነው!»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ወንድ ከሆነ ግለኛ ስሜት ነው። ግለኛ ስሜት ደግሞ አይፈቀድም። ሴት ብትሆን ነው የሚሻለን።» እንዲህ አለ። ፊቱ ቅንጣት አልሳቀም። ሰው ሞኝ ሲሆን ያስቃል፤ ማኅተም ያለው ሞኝ ግን አያስቅም።

ወንድሜ የራሱን ካሴት፣ ዋናውን፣ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወጣ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ለአባዬ እንዳትነግራቸው። እኔው በድምፄ አሰማቸዋለሁ። አዲስ ድንጋይ እናገኛለን።» ይበቃል ያልኩት እኔ መሆኔን አላነሣም። አንድም ቀን አላነሣውም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲስ ድንጋይ ሳናገኝ የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ወጣ። ስሙ አለበት። ዘማቾቹ የተሸኙ ዕለት አባቴ አንድ ባና አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። «ለዚያ ልጅ ስጠው። ሰሜን ይበርዳል በለው።» ወንድሜ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። «አባዬን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ» አለኝ። መኪናው ተነሣ። ሁለቱም እኔን እያዩ ተለያዩ።

መርዶው በሁለተኛው ዓመት መጣ። ለቅሶው ላይ ሁለቱም መጡ፣ ባለ ወርቅ ጥርሱም ባለ መነጽሩም። ንፍሮ ዘግነው በሉ። ዘፈኑ የማን እንደሆነ ከኔ ሌላ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ድምፃዊቷ ወንድ ናት ቢባል ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ፊርማውም ያሳፍራል። ንፍሮውን ጨርሰው፣ እጃቸውን አራግፈው ሄዱ። እኔስ? እኔም ዝም አልኩ። እነሱን እየናቅሁ እኖራለሁ፤ ግን ዝምታችን አንድ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጓሮ ሲሠሩ እኔ ቤት ገብቼ ያንን ካሴት ድምፁን ቀንሼ እሰማ ነበር። ያቺ ጯሂ ልጅ እንኳ የሱ ነበረችና። አንድ ቀን፣ ጾም በሚገባበት ሰሞን ነው፣ ዘፈኑ መሐል ላይ ድንጋዩ መድከም ጀመረ። ከበሮው ሰከን አለ። ልጅቷ ቀስ በቀስ ወረደች፣ ወረደችና ወንድሜ ሆነች። እሱ ራሱ። በባናው ሥር የሰማሁት።

ድምፁን ከፍ አደረግሁት። አላሰብኩበትም፣ እጄ ነው።

የጓሮው ደጋን ቀጥ አለ። አባቴ ጠጉር ጺማቸው ላይ እንደ ተለጠፈ በሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ደጋኔ ነው» አሉ። «ማነው የነካብኝ?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ ግጥሙ መጣ። ዝምታዎ እንጂ ነው፣ አለ። መቃኑን ያዙት። ሰሙት። ቴፑ ግን እየደከመ ሄደ፤ ድምፁ እየወፈረ፣ እየጎተተ፣ የጎልማሳ ሆነ፣ ከዚያ የሽማግሌ ሆነ። ወንድሜ ያልደረሰበት ዕድሜ ሁሉ በዚያች ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ቆመ።

ያቺ የገበያዋ ልጅ ትዝ እንዳለቻቸው ከፊታቸው አወቅሁ።

«ድገመው» አሉኝ።

«ድንጋዩ አልቋል አባዬ።»

መጥተው ቴፑን ከጉልበቴ ላይ አነሡ። ነክተውት አያውቁም፤ መክፈቻውን አጡት፣ እኔ ከፈትኩላቸው። አራቱን ድንጋዮች መዳፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። የነደፉት ነጭ ጠጉር በተዘረጋበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ ባለበት፣ አንድ በአንድ ደረደሯቸው። ከጎኑ ተቀመጡ። ዶሮ ሲቀርብ «እሽ!» ይላሉ። ጥላው ሲመጣ ወደ ብርሃኑ ያስጠጓቸዋል። ደጋኑን ያን ቀን መልሰው አላነሡም።

ፀሐይዋ እስክትገባ ድረስ እንዲያ ጠበቋቸው።