ጋሽ አደም በሁዳዴ ይዘውት የመጡት ጉልበት

ሁዳዴ ነው። ዘመኑ ደርግ፣ ቦታው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን። ጠዋት ጎረቤታችን ጋሽ አደም በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ደጃችን ላይ ቆሙ። ጋሽ አደም የግመል ሥጋ ሻጭ ናቸው። እናቴ ደግሞ በጾም የሥጋ ስም ሲነሳ እንኳ የምታማትብ ሴት... አስቡት።

«አደም፣ ምንድነው የያዝከው?»

«የግመል ጉልበት።»

በሩን ልትዘጋው ነበር።

«አቦ አስካለ፣ ብዪ ማን አለሽ? እዪው ብቻ። ዓይን አይጾምም።»

«በእኛ ዘንድ ዓይንም ይጾማል።»

ነገሩ የኔ እግር ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከብስክሌት ወድቄ ጉልበቴ ሲያብጥ ወጌሻው አሽቶ አሰረውና «ሁለት ሳምንት እንዳታንቀሳቅሰው» አለ። እናቴ ስትወድ ልክ አታውቅም፤ ሁለቱን ሳምንት ሰባት አደረገችው። እግሬ እንጨት ሆነ። «ይቺ ልጅ አንካሳ ሆና ልትቀር ነው» ሲባል በመስኮት እሰማለሁ... ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቅሳለሁ። ጋሽ አደምም ይህንኑ ሰምተው ኖሯል።

ደጁ ላይ ቁጢጥ ብለው ጋዜጣውን ፈቱት። ሁለት ጉልበት ነው። የአንደኛው አጥንት ጫፍ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ጣታቸው ሲነካው ያዳልጣል። የሌላው ግን ነጩ ነገር ሳስቶ ቢጫ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው አጥንትም ሻክሯል።

«ሁለቱንም ግመሎች ዛሬ ነው ያረድኳቸው። ይሄ ነጩ እስከ ትናንት ሲራመድ ነበር። ያኛውን እግሩን ሲያመው ጊዜ ባለቤቱ አዝኖለት አስሮ አስቀመጠው። ወላሂ ሃያ ዓመት ስቆርጥ እዚህ ነጩ ላይ ደም አይቼ አላውቅም። ደም ከሌለው ማን ያበላዋል? ሲሄድ፣ ክብደት ሲጫነው ነው የሚበላው። እሱና አጥንቱ ያወራሉ፣ አስካለ። አንዱ ዝም ካለ ሌላውም ይታመማል።»

(ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ስለ ካርትሌጅና አጥንት ሲያስረዳኝ ይህንኑ ነው የነገረኝ... በረጅሙ።)

እናቴ ወደ ሻከረው አጥንት ጎንበስ አለች። «ስንት ጊዜ ታስሮ ነው?» አለች።

«ሦስት ወር ቢሆነው ነው።»

የኔን ሳምንታት በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ያንኑ ጣቷን ዘርግታ፣ በሁዳዴ፣ የግመል አጥንት ነካች... መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ የሻከረውን። እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጥባ ገባችና ጨርቁን ፈታችልኝ።

ሲታጠፍ ያመመኝን አልነግራችሁም። እኔም አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፤ ግን አልተወችኝም። በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ፣ «በስመ አብ» እያለች ታጥፈዋለች።

የፋሲካ ማግስት ድፎ ዳቦ አስይዛ ጋሽ አደም ሱቅ ላከችኝ። ብቻዬን፣ በእግሬ። ዳቦውን አላዩትም፤ ዓይናቸው ጉልበቴ ላይ ነው።

«እስከ መንገዱ ጫፍ ሂጂና ተመለሺ።»

ሄጄ ተመለስኩ። ቢላዋቸውን አስቀምጠው ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

«አብሽሪ። ከእንግዲህ ብቻ እንዳትቆሚ።»

ስልሳ ልሞላ ነው ጋሽ አደም... አልቆምኩም። እግዜር ይስጥልኝ።