የሰባተኛ ክፍል ፕሬዚዳንት

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት "ፍስስ" የሚለው ድምፅ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ባለፈው ሳምንት ሠርግ ላይ አስተናጋጁ ከጆሮዬ ሥር ሲከፍተው በእጄ የያዝኩትን ሳህን ቀሚሴ ላይ ደፋሁት። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አምቦ ተወልዳ ያደገች ሰው የአምቦ ውሃ ፈራች ቢባል ማን ያምናል? ከጠየቅሽኝ ዘንድ ልንገርሽ፤ ነገሩ ፕሬዚዳንት ከነበርኩበት ጊዜ የመጣ ነው።

አትሳቂ። የሰባተኛ ክፍል ፕሬዚዳንት ነበርኩ፤ ያውም ተመርጬ።

በደርግ ጊዜ፣ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለውይይት የቀረበበት ዓመት ነው። በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ እየተነበበ ሕዝቡ ይወያይበታል ተባለ። እስከዚያ ድረስ እኛ የምናውቀው "ሊቀ መንበር" የሚለውን ነበር። "ፕሬዚዳንት" አዲስ ቃል ስለሆነብን ሁላችንም በየፊናችን እያጣመምን እንጠራው ነበር። ውይይት ይባል እንጂ፣ እናቴ ከቀበሌ ስትመለስ "ምን ተወያያችሁ?" ስላት "እጅ አነሳን" ነበር መልሷ። የሚደግፍ ሲባል ሁሉም ያነሳል፤ የሚቃወም ሲባል ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። እናቴ ቀድማም ዘግይታም አታነሳም፤ ከሰው እኩል ነው የምታነሳው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ታናሽ ወንድሟ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ተናግሮ ሲወጣ ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ፎቶው ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር ነበር።

የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪያችን ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጋሼ እለው ነበር። ሐረር ያደገ ቀጭን ወጣት ነው። የአምቦ ብርድ አልስማማው ብሎ ሲያስለው ይኖር ስለነበር እናቴ ጋቢ ሰጥታዋለች፤ ከሥራ መልስ ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ለሳሉ ብሎ ከአፉ የማይለየው ሚንት ከረሜላና የጠመኔ ብናኝ ተደባልቀው የራሱ የሆነ ሽታ ነበረው። ጠዋት ሲወጣ እናቴን እንዴት አደሩ ለማለት "አከም ቡልተን" ይላታል፤ ኦሮምኛው ስለሚያስቃት ሁለት ጊዜ ታስደግመዋለች። ከዚያ በሩ ላይ ዞር ብሎ እጁን ከፍ አድርጎ ያውለበልብልናል። ያንን ሳያደርግ የወጣበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ረቂቁን ለተማሪዎች አስረዱ ሲባል ሌሎቹ አስተማሪዎች እያነበቡ አስጻፉ። ጋሼ ግን "ይኼ ነገር ካልሠራችሁት አይገባችሁም" አለና ክፍላችንን አገር አደረገው። እያንዳንዱ የዴስክ ረድፍ ተወካይ መረጠ፤ ተወካዮቹ ሸንጎ ሆኑ፤ ሸንጎው ደግሞ ፕሬዚዳንት መረጠ፤ እኔን። እኔም ሚኒስትሮቼን አቀረብኩ፤ የጠመኔ፣ የመጥረጊያ፣ የመስኮት ሚኒስትር። ሸንጎው አጸደቀልኝ። ጋሼ መሀል ላይ ቆሞ ያብራራ ነበር። "በአንዳንድ አገር ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል፤ ምክር ቤቱንም ለብቻ ይመርጣል፤ ሁለቱ እየተጠባበቁ ይሠራሉ። በእኛ ረቂቅ ሕዝቡ ሸንጎውን ይመርጣል፤ ሸንጎው ፕሬዚዳንቱን ይመርጣል። ስለዚህ ተጠሪነቱ ለሸንጎው ነው።"

የሸንጎው ስብሰባ መሪ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ ነበረች። ድምፀ ወፍራም ናት፤ አንድ ነገር ካልገባት አትለቅም።

"ሸንጎው በማይሰበሰብበት ጊዜ ፕሬዚዳንቱን ማን ያየዋል?" አለችው።

"የመንግሥት ምክር ቤት።"

"የሱ ሰብሳቢ ማነው?"

ጋሼ ሳል ሳል አለውና "ፕሬዚዳንቱ" አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ሊስቅ ከጀመረ በኋላ ሄዶ መስኮቱን ዘጋ። ሙቀቱ ላብ በላብ ባደረገን ሰዓት መስኮት መዝጋቱ ገረመኝ።

ከገጠር እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ ደግሞ ተነሥቶ "አያቴ በገዳ ሥርዓት ስምንት ዓመት የሞላው ያስረክባል ይላል። የሚያስረክብበት ጊዜ ያልታወቀ ሹመት ሹመት አይደለም ይላል" አለ። ጋሼ ሐሳቡን ወደደው። በረቂቁም ዘመኑ አምስት ዓመት መሆኑን ነገረንና፣ ለእኛ አምስት ዓመት ሩቅ ስለሆነ በየዓርቡ ሸንጎው ሪፖርቴን ሰምቶ ድምፅ እንዲሰጥ አደረገ። የዳቦ ቤቷ ልጅ "ትቀጥል የምትሉ?" ትላለች፤ እጅ ሁሉ ይነሳል። "ትውረድ የምትሉ?" ትላለች፤ ማንም አያነሳም። እንዲያም ሆኖ ዓርብ ዓርብ ልቤ ይመታ ነበር። ጋሼ ቤት ስንገናኝ "ክብርት ፕሬዚዳንት፣ ዛሬም ተረፉ?" ይለኛል።

ወሬው ከትምህርት ቤቱ አልፎ ተሰማ። ከአውራጃው አንድ ካድሬ ወላጆችም ባሉበት ትርኢቱን ሊያይ ይመጣል ተባለ። ዳይሬክተሩ አዳራሹን አስጠርጎ የመድረኩን ጠረጴዛ ጨርቅ አለበሰው፤ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚቀመጠው ሁሉ እኔም ፊት አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ ተቀመጠ። ጋሼ ከመጀመራችን በፊት ሰብስቦን "የዓርቡን ነገር ለዓርብ ተዉት። ምርጫ፣ ቃለ መሐላ፣ ጭብጨባ፤ አለቀ" አለን።

ሰኔ ስለሆነ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። አዳራሹ እርጥብ ዩኒፎርም ይሸታል። እንግዶቹ የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ ካድሬው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሀል ላይ ነበር። እናቴ ከወላጆች ጋር፣ ጋሼ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ። ሁሉም ነገር እንደ ውሃ ፈሰሰ። ተመረጥኩ፣ ማልኩ፣ ተጨበጨበልኝ። ካድሬው ደስ አለውና ፈገግ ብሎ "በርቱ ልጆች። ሌላ አጀንዳ የላችሁም?" አለ።

ትልቅ ሰው ሌላ አጀንዳ ብሎ ሲጠይቅ የለንም ይባላል እንዴ? የዳቦ ቤቷ ልጅ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ጋሼ አየች፤ ከንፈሯ ደረቀ። የምታውቀው ሌላ አጀንዳ የዓርቡ ብቻ ነው። ከድንጋጤዋ የተነሳ የጥያቄውን ተራ አዛባችው።

"ፕሬዚዳንቷ ከሥልጣን ትውረድ የምትሉ እጅ አንሱ።"

ሰዉ የሰማው "እጅ አንሱ" የሚለውን ብቻ ነው። ስብሰባ ላይ በመጀመሪያው ጥሪ እጅ ይነሳል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዳራሹ ሙሉ እጅ ተነሳ። ሸንጎዬ አነሳ፣ ዳይሬክተሩ አነሳ፣ እናቴ ከሰው እኩል አነሳች። ጋሼ እንኳን፣ ያቺ ሁልጊዜ የሚያውለበልባት እጁ፣ ከኋላ ከፍ ብላ ታየችኝ። እኔ ብቻ ነኝ ሁሉንም ፊት ለፊት የማያቸው። የካድሬው ቀኝ እጅም ከጉልበቱ ተነሥቶ እስከ ጆሮው ድረስ ወጣ፤ ከዚያ ኮፍያውን አንስቶ ራሱ ላይ አደረገው።

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ጋሼ ያስተማረን ግን ሸንጎ ካወረደሽ ወንበሩን ትለቂያለሽ ብሎ ነው። ተነሥቼ ከመድረኩ ወረድኩ። ዞር ስል ባዶው ወንበርና ያልተከፈተው ጠርሙስ ብቻ ይታያሉ። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም።

ወዲያው ቢሮ ተጠራሁ። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ እንዳላየ ሆኖ ያየኛል። ካድሬው የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ያ ጠርሙስ ደግሞ ከመድረኩ መጥቶ ፊቱ ተቀምጧል።

"ፕሬዚዳንት ማውረድ ማን አስተማራችሁ?"

"ማንም። ተራው ተዛብቶባት ነው።"

"አስተማሪሽ እጁን አንስቷል ወይስ አላነሳም?"

አጎቴን አሰብኩ፤ ከነጠላ ሥር ያለውን ፎቶ። አነሳ ብል ጋሼ ሊሄድ ነው። አላነሳም ብል ያየ ሰው ይኖራል፤ ውሸቴ እሱንም እኔንም ሊያስበላን ነው።

"ሁሉም አንስቷል" አልኩ።

"ሁሉም ማለት?"

"እስከ ፊት ረድፍ ድረስ።"

ይህን ስል ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን ቀኝ እጁን አይቼ ነበር። ሆን ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ ሄደብኝ። እሱም የማየውን አየ። ከዚያ መክፈቻውን አንስቶ ጠርሙሱን ከፈተው። ፍስስ። ቀድቶ ግማሹን ጠጣና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ማንም እጁን አላነሳም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"ሂጂ።"

ቤት ገብቼ ልነግራት ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችው። "ጨሊሲ፣ ኢንተላ ኮ" አለችኝ፤ ዝም በይ ልጄ። የደነገጠች ለት ኦሮምኛዋ ነው የሚቀድመው። ከዚያ በኋላ በበራችን መኪና ባለፈ ቁጥር ሁላችንም እህሉን አፋችን ውስጥ ይዘን እንጠብቃለን። ጋሼም በረንዳው ላይ መቀመጥ ተወ። አንድ ቀን ብቻ፣ ልብስ ሳሰጣ መጥቶ "ምን አለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ማንም እጁን አላነሳም አለኝ።"

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ከሳሉ በኋላ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። "ከእኔ የተሻለ አስተማረሽ" አለኝ። ከረሜላ ሰጠኝና ገባ።

በመጨረሻ የመጣው መኪና ሳይሆን ዝውውር ነው። ለሥራው አስፈላጊነት ተብሎ ከጌዶ ወዲያ ወዳለ ትንሽ ከተማ ተመደበ። እናቴ ተንበርክካ መሬት ሳመች፤ ሊታሰር ይችል ነበርና። እኔ ግን ያለቀስኩት ያን ዕለት ነው። ከዓመት በኋላ እውነተኛው ሸንጎ ተሰብስቦ እውነተኛ ፕሬዚዳንት ሲመርጥ በሬዲዮ ሰምተናል። ጭብጨባው ረጅም ነበር። እናቴ ድምፁን ቀነሰችው።

ጋሼን የሸኘነው በጠዋት ነው። መናኸሪያው ጭቃ ነበር፤ የናፍጣው ጭስ ከጉም ጋር ተደባልቆ ዓይን ይለበልባል። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቧል። በሩ አጠገብ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች ቆመው ነበር። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ምናልባትም ተሳፋሪ ይሆናሉ። አውቶብሱ ወደ ጉደር አቅጣጫ መንቀሳቀስ ሲጀምር እጄን ከፍ አድርጌ አነሳሁለት። አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ክብርት ፕሬዚዳንት ያለ መሰለኝ። እጁን ግን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም። የእኔ እጅ ገና እንደተነሳ ነበር፤ እናቴ ወዲያና ወዲህ አይታ ክንዴን ያዘችና ቀስ አድርጋ አወረደችው።