በቀይ ጨርቅ የጠቀለልኩት ሸብ

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ አገጬ ላይ ፂም አበቀልኩ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ፀጉር ነበር፤ በወረንጦ እነቅለው ነበር። እየዋለ እያደረ በዛ። ወረንጦው አልበቃ ሲለኝ ምላጭ ገዛሁና በየሁለት ቀኑ ንጋት ላይ፣ ቤተሰቡ ሳይነሳ፣ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ መላጨት ጀመርኩ።

የምሠራው ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ፣ የጉምሩክ ወረቀት በሚያስጨርስ ቢሮ ውስጥ ነው። ከአዳማ በሚኒባስ ተጠጋግተን ስንሄድ ሙቀቱና አቧራው ከላቤ ጋር ተደምሮ የተላጨሁትን ቦታ ያስቆጣዋል። ቀይ ሽፍታ ይወጣል፤ ሽፍታው ሲድን ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል። በፋውንዴሽን እሸፍነዋለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቀልጦ አንገቴ ጋ ይደርሳል።

“ፊትሽን ምን ነካው?” ይሉኛል የቢሮ ሰዎች።

“አለርጂ ነው።”

“የምን አለርጂ?”

እሱን አላሰብኩበትም ነበር። አንድ ቀን የዓሣ፣ ሌላ ቀን የአቧራ እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሂናና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄድኩ። “ባለቤቴ ሲላጭ ፊቱ ይቆጣበታል፤ ምን አለሽ?” አልኳት። ባለቤቴ ፂሙን አሳድጎ በማሽን ዳር ዳሩን የሚያስተካክል ሰው ነው፤ ተላጭቶ አያውቅም።

ሴትየዋ ከጆንያ ውስጥ እንደ በረዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ድንጋይ አወጣች። “ሸብ ውሰጂለት። ተላጭቶ ሲጨርስ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብና ድንጋዩን አርጥቦ ቀስ እያደረገ ፊቱን ያሸው። ትንሽ ቆይቶ ይለቅለቀው። ይለበልበዋል፤ ወንድ አይደል፣ ይቻለው።” ከዚያ አየት አደረገችኝና፣ “ለብብትም ይሆናል። አንቺም ተጠቀሚበት” አለች። አውቃብኝ ይሁን አላውቅም።

በማግስቱ ሞከርኩት። እውነትም ለበለበኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ቆዳዬ ጭምድድ አለ። ግን የምላጩ ቁስል ወዲያው ደሙን አቆመ። ትንሽ ቆይቼም ደረቅ ሲለኝ ቫዝሊን መቀባት እንዳለብኝ ተማርኩ። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ሽፍታው ጠፋ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም።

ሸቡ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ይሟሟል። ስለዚህ አደርቀውና ከአሮጌ ሻርፕ በቀደድኩት ቀይ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ከባዶ የሻምፖ ዕቃዎች ጀርባ እደብቀዋለሁ። ጨርቁ ቀይ የሆነው ሻርፑ ቀይ ስለነበር ብቻ ነው።

አማቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከወለንጪቲ መጥተው እኛ ዘንድ የከረሙት በዚያው ሰሞን ነው። ደግ ሴት ናቸው፤ ጸሎታቸው ብርቱ ነው። “ኢንተላ ኮ” ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ቤት ውስጥ ሁሉን ነገር በእጃቸው እየዳበሱ ነበር የሚፈልጉት።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ የማላውቀው የሴት ጫማ ተደርድሯል። ስገባ አማቴ ከሦስት የጸሎት እህቶች ጋር ሳሎን ተቀምጠዋል። መሐል ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ፣ ጋዜጣው ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ነጭ ድንጋይ። አንዷም አጠገቡ አልቀረበችም። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የራሴን ድንጋይ አላወቅሁትም። ምን መዓት መጣብን ብዬ እኔም ደነገጥኩ።

“ነይ፣ ኢንተላ ኮ” አሉ አማቴ። “ሳሙና ስፈልግ እጄ ገባ። ጨው በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ መታጠቢያ ቤት የሚያስቀምጥ ጤነኛ ሰው አለ? መተት ነው። ቤታችሁን ሊበትኑባችሁ ነው።”

ያኔ ገባኝ። የእኔ ነው ብል፣ ምን ትሠሪበታለሽ ይሉኛል። እላጭበታለሁ ብል፣ ምንሽን?

“እዚህ ቤት ማን ነው የሚገባ የሚወጣው?” ጠየቀች አንደኛዋ እህት።

አማቴ አሰቡ። “ያቺ ተከራይ። የግቢው ቧንቧ ውኃ ሲያጣ ከዚህ ውኃ ትቀዳለች።”

ተከራያችን ሆቴል ውስጥ እንግዳ የምትቀበል፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ልጆቼን የቤት ሥራ ታሠራለች። “ኧረ እሷ አይደለችም!” አልኩ።

“በምን አወቅሽ?”

በዚህ መሐል ባለቤቴ ከሚያስተምርበት ኮሌጅ ተመልሶ ገባ። ድንጋዩን አየ፤ እናቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ እጄ ግን አገጬ ላይ ነበር።

“የእኔ ነው” አለ።

“ምኑ?” አሉ እናቱ።

“ድንጋዩ። ሳሙና ነው።”

“ሳሙና?”

“የውጭ ሳሙና ነው፤ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ።” ጎንበስ ብሎ አነሳው። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ሁላችንም ተከተልነው። ቧንቧውን ከፍቶ ድንጋዩን በሁለት መዳፉ መሐል ያሸው ጀመር። አሸው፣ አሸው፤ ምንም የለም።

“አረፋ የለውም” አለች አንደኛዋ።

“አረፋ የሌለው ዓይነት ነው” አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

እህቶቹ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቁ ጸልየው ሄዱ። አማቴ ግን አልተዋጠላቸውም። “ልጄን አስረውት ነው እንጂ እንዲህ ይላል? ያ ዋቃ፣ አንተ አምላክ!” ሲሉ ከጓዳ ሰማኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ቀናት ግራ የገቡኝ ቀናት ናቸው። ባለቤቴ ድንጋዩ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ይህ ግልጽ ነው። ታዲያ የእኔ ነው ያለው ምን መስሎት ነው? የእኔ መሆኑን ካወቀ፣ ምኔ መሰለው? እኔ መተት አሠርቼበት፣ እሱ አውቆ ሸፈነልኝ ማለት ነው? ምንም አይጠይቀኝም። እንዲያውም ከወትሮው ለዘብ አለ፤ ይህ የባሰ አስጨነቀኝ። አንድ ጠዋት ሻይ ስሰጠው ብርጭቆውን ብርሃን ላይ ያዝ አድርጎ አየው። ቅጠል ገብቶበት ይሆናል፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ያንን ብርጭቆ ሳስብ ዋልኩ። አንድ የኮንቴይነር ቁጥር ሁለት ጊዜ አሳስቼ ጻፍኩ። ልንገረው ብል ደግሞ፣ ያለኝ እውነት ከመተት አልተሻለብኝም። ሚስትህ ፂም አላት ብሎ ለባል መንገር እንዴት ይጀመራል?

ቅዳሜ አማቴን ለጉልበታቸው ፍል ውኃ ብለን ሶደሬ ወሰድናቸው። እሳቸው ከልጆቹ ጋር ውኃው ውስጥ ሳሉ እኛ አዋሽ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጦጣዎቹ ሙዛችንን እያዩ ይዞሩናል።

“ለምን የእኔ ነው አልክ?” አልኩት።

“ፊትሽን አየሁት። የአንቺ መሆኑ ገባኝ።”

“ምን መሰለህ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ?”

“መተት ቢሆንስ ኖሮ?”

“እሱንም አስቤው ነበር” አለ። አልሳቀም። “ምን አጥታብኝ ነው ብዬ ስንት ቀን ግራ ገብቶኛል።”

እሱም እንደ እኔ ግራ ተጋብቶ መክረሙን ያኔ ነው ያወቅሁት። ነገርኩት። ወንዙን እያየሁ፣ ከወረንጦው ጀምሬ እስከ ሸቡ፣ ሁሉንም።

“ፂም?” አለ። “አንቺ?”

“እኔ።”

“የት?”

እጁን ይዤ አገጬ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ቀን ሳልላጭ ስለቆየሁ ይሻክራል። ጣቱን ወዲያና ወዲህ አደረገው። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ የሚጸየፈኝም መስሎኝ ነበር።

“ያማል?” አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም። “ሲላጭ አያምም። ሸቡ ነው የሚለበልበው” አልኩና አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ዛሬም በደንብ አይገባኝም። እሱ በዚያ መሐል፣ “ሐኪም ዘንድ እንሂድ፤ መጀመሪያ ግን ያንን ሳሙና እንዴት እንደሚሠራ አሳዪኝ” አለ። አንዱ ጦጣ ሙዙን ይዞ ሄደ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ተከራያችን ለሥራ ስትወጣ አማቴን በር ላይ አግኝታ፣ እንደ ልማዷ “አካም ቡልታን፣ እማማ?” ብላ እንዴት አደሩ አለቻቸው። አማቴ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ። ልጅቱ ቆም አለች፤ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ያን ቀን ከሥራ ቀረሁ። አማቴን መታጠቢያ ቤት ወስጄ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። “እማማ፣ ያ ድንጋይ የልጅዎም የተከራይዋም አይደለም፤ የእኔ ነው” አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ፤ እጃቸውን ከእጄ ሊያስለቅቁ ሞከሩ። ቶሎ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቧንቧ ከፍቼ ሸቡን አረጠብኩና እጃቸው ጀርባ ላይ አሸሁላቸው። ከዚያም ጣታቸውን ወስጄ አገጬን አስነካኋቸው።

የእጃቸውን ጀርባ በጣታቸው ዳበሱ። “ይህን ነው እኛ ስንጸልይበት የዋልነው?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?”

“አፈርኩ።”

“እኔ ነኝ እንጂ ማፈር ያለብኝ። የሰው ልጅ ስም አነሳሁ፣ ያውም በጸሎት መሐል።” ተነሡ። ግድግዳውን እየዳበሱ ወጥተው፣ ግቢው ውስጥ ወንበር አስወጥተው ተከራይዋ እስክትመለስ ተቀመጡ። ሻይ ብላቸው እንቢ፣ ፀሐይ ነው ግቡ ብላቸው እንቢ።

ልጅቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። አማቴ የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ብድግ አሉ። “ልጄ፣ ይቅር በይኝ” አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

ልጅቱ ቦርሳዋን እንደያዘች ደነገጠች። “ኧረ እማማ፣ ምን አጠፉና?”

“አጥፍቻለሁ። አትጠይቂኝ፣ ይቅር በይኝ ብቻ።”

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። ምን እንደምላት አላወቅሁምና ራሴን ነቀነቅሁ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

“ይቅር ብያለሁ” አለች በመጨረሻ፣ ጎንበስ ብላ የአማቴን እጅ ይዛ። “ግን ምኑን ነው?”