ዝናብ ያለበት ፊልም

ልጄ ጎንደር ኮሌጅ ገብታ ማርኬቲንግ ትማራለች። ሰሞኑን ለእረፍት መተማ መጥታ በረንዳው ላይ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ነበር። የፊልም ማስታወቂያ ተመልካችን በምን እንደሚስብ ነው የምታጠናው። ማስታወቂያዎቹን ስልኳ ላይ እየደጋገመች ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። ድንገት ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ሰው ግን እያባበሉት እንደሆነ አይገባውም?» አለችኝ።

«ይገባዋል» አልኋት። 

እኔ ወጣት ሳለሁ አባቴ እዚሁ መተማ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቤት ማለቴ ለክብሩ ያህል ነው እንጂ ራኩባ ነበር፤ ከጨፈቃና ከሣር የተሠራ፣ ዙሪያውን በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ ሰፊ ዳስ። ውስጡ አንድ ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ እንጨቶች፣ የላብና የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ። ሙቀቱን ለማያውቀው ሰው ባወራ የተጋነነ ይመስለዋል።

የእኔ ሥራ በሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የፊልሙን ስም በጠመኔ መጻፍ ነበር። ድምፅ ማጉያ ይዞ መንገድ ለመንገድ የሚጣራው ደግሞ ይርጋ ነው፤ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ልጅ፣ እንደ ወንድሜ የማየው። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣለትም። ድምፅ ግን እግዜር አልነፈገውም፤ ሽማግሌዎቹ ድቁና ቢማር ኖሮ እያሉ ይቆጩለት ነበር።

ሰሊጥ ሲደርስ ከጎጃምም ከወሎም አጫጆች ወደ ቆላው ይጎርፋሉ። አባቴ እነሱን የሚስባቸው ቡጢና ጥይት ይመስለው ነበር። እኔና ይርጋ ግን ፊልሙን ትተን ተመልካቹን ማየት ጀመርን። ጥይቱ ሲንጣጣ ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ፣ ስለ አሠሪያቸው ያማሉ። አንድ ቀን በህንድ ፊልም ውስጥ ዝናብ ሲወርድ ዳሱ ጸጥ አለ። ከፊቴ የተቀመጠው የጎጃም ጎልማሳ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን እንደሚያጥቡት እንግዳ ወደ ፊት ዘረጋው። «ተመስገን፣ አገሬ ገባሁ» ሲል ሰማሁት።

በማግስቱ ይርጋ፣ «የፊልሙን ስም ተዪውና "ዝናብ ያለበት" ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«አባባ ይስቅብናል።»

«ይሳቅ! በዚህ ሐሩር ለሚያጭድ ደገኛ ከዝናብ ሌላ ምን ትሸጭለታለሽ?»

ጻፍሁ። ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። ከዚያ ወዲያ የምናስተዋውቀው ፊልሙን ሳይሆን ሰውየው የጎደለውን ሆነ። «እናት ያለችበት»፣ «ሠርግ ያለበት»፤ አንዱን «ሁሉም ቤቱ የሚገባበት» ብዬ ጻፍሁና የኮኪት እርሻ ሠራተኞች ሳይቀሩ በጭነት መኪና ተንጠልጥለው መጡ። ይርጋ ደግሞ ታሪኩን በድምፅ ማጉያው ይጀምርና ልብ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ዝም ይላል። የቀረውን የሚፈልግ ይገባል። የሰውን ልብ በር አገኘነው ብለን ኮራን፤ ወጣትነት መቼም እንዲህ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ንጹሕ ሸሚዝ ለባሽ ሰው ደንበኛችን ሆነ። ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ይውላል፣ ይመለሳል። ወጣቶችን በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ የሚያሻግር ደላላ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ፊልም አያይም፤ ይርጋን ነው የሚያየው። እኛ አጫጆቹን የምናይበትን አስተያየት እሱ ዓይን ውስጥ አገኘሁት። ለሌሎቹ ወጣቶች ስለ መኪናና ስለ ፎቅ ነበር የሚያወራው። ለይርጋ ግን፣ ባሕር ማዶ በአማርኛ የሚናገር ሬዲዮ አለ፣ እንዳንተ ያለ ድምፅ አጥተው ተቸግረዋል አለው።

ይርጋ ይህን ሲነግረኝ ራኩባው ጥላ ሥር ተቀምጠን የተጠበሰ ማሽላ እየበላን ነበር።

«ይርጋ፣ ይሄ እኮ የእኛው ሰሌዳ ነው» አልሁት። «የጎደለህን አይቶ ጻፈልህ።»

«አውቃለሁ» አለ እየሳቀ። «ደግሞ አሳምሮ ነው የሠራው። የቱ ጋ ዝም እንዳለ ብታዪ! እኔም ብሆን እዚያው ነበር የማቆመው።»

«ታዲያ?»

ሳቁን ተወው። «ያ ጎጃሜስ የቴሌቪዥን ዝናብ እንደማያበሰብስ ጠፍቶት ነው የገባ? እስከ ዛሬ ድምፅህ ያስፈልገናል ያለኝ ማን ነው? ንገሪኛ!»

 ለእናቱ ነገርሁ፤ አባቴ መከረው፤ የንስሐ አባቱ ለመኑት። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። አንድ ጠዋት ስንነሣ ድምፅ ማጉያው ተወልውሎ በራችን ላይ ተቀምጧል።

ከዓመታት በኋላ ከሊቢያ የተመለሰ አንድ የሳንጃ ልጅ የእትዬ ዘነቡን ቤት ጠይቆ መጣ። ከይርጋ ጋር በረሃ ላይ አንድ መጋዘን ውስጥ ታጉረው ነበር። የሚጠጡት ውኃ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ በየጊዜው ሰው ይሞታል። ይርጋ በእኛ ዳስ ያያቸውን ፊልሞች ያወራላቸው ነበር።

«ከመጨረሻው ነበር የሚጀምርልን» አለ ልጁ። «መጀመሪያ ማን እንደ ዳነ፣ ማን ቤቱ እንደ ገባ ይነግረናል። ምነው ብለው፣ ታሪኩ ሳያልቅ የሚያልፍ ሰው አለ፣ መጨረሻውን ሳይሰማ አይሂድ አለኝ።»

እትዬ ዘነቡ አቀርቅረው ሰሙ። ከዚያ፣ «እሱስ?» አሉ።

ልጁ አያውቅም። አንድ ቀን ጥቂቶቹን ለይተው በመኪና ጫኑ፤ ይርጋ ከተጫኑት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኋት። የወጥመዱን አሠራር ማወቅ የተራበን እንደማያጠግብ እሷ ገና በመጽሐፍ አልደረሰችበትም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ደላላው መዋሸቱ ብቻ አይደለም። ከተማው፣ ትምህርት ቤቱ፣ እኛም ጭምር ሳናየው የኖርነውን የዚያን ልጅ ጉድለት ፈልጎ ያገኘው እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

እትዬ ዘነቡ ዛሬም ጎረቤታችን ናቸው። መርዶው ያልመጣ ሰው አይለቀስለትም፣ ተዝካር አይወጣለትም። ዘመዶቻቸው እርምዎን ያውጡ ሲሏቸው፣ «ማን ነገረኝና?» ይላሉ። ጥቁር አልለበሱም። ከዚያ ወዲህ ግን ነጭ ለብሰውም አይቻቸው አላውቅም።