ጅቡቲ የምትቆመዋ መርከብ

ልጄ ባሕር ማዶ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። «ማዳም» እያለች የምትንከባከባቸው አሮጊት ያለ እሷ አይነሱም፣ ያለ እሷ አይተኙም። ፈቃድ በጠየቀች ቁጥር የአሮጊቷ ልጆች «አንቺ ከሄድሽ እናታችንን ማን ይይዝልናል?» ይሏታል። አባቷ ሲሞትም የሰማችው በስልክ ነው። እሷ ስታለቅስ እኔ እንዳልሰማ ሆኜ ስለ ቀብሩ አወራኋት፤ ሰው ብዙ እንደነበር፣ በደንብ እንደተሸኘ።

አንድ ቀን አዋሽ ቤቴ ሳለሁ ደወለችልኝ።

«እማ፣ ማዳም በመርከብ ልትዝናና ነው። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።»

«በባሕር ላይ?»

«መርከብ በምን ላይ ይሄዳል ታዲያ?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቶ ነበር።

መርከቦቹ ሁለት ናቸው አለችኝ። አንዷ አዲስ ናት፣ እንደ ከተማ ትልቅ። ሐኪም አላት፣ ሊፍት አላት፣ ገበያ አላት፤ ለልጄም መስኮት ያለው ክፍል ይሰጣታል። የምትቆመው ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ከእኛ ሩቅ። ሌላዋ ትንሽና አሮጌ ናት። ልጄ የምትተኛው ታች፣ ሞተሩ አጠገብ ነው። ወደብ በወደብ እየቆመች ትሄዳለች፤ ከነዚያ ወደቦች አንዱ ጅቡቲ ነው።

«ማዳም ለእኔ ባሕር ሁሉ አንድ ነው፣ አንቺ ምረጪ ብላኛለች። እማ፣ ጅቡቲ ጠዋት ገብታ ማታ ነው የምትወጣው። መምጣት ትችያለሽ?»

«ላስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። እሷም እንደ እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበረች ናት።

«ትልቋ ላይ መዋኛ ገንዳም አለ አሉ» አልኳት።

«ባሕር መሀል ተቀምጦ ገንዳ ምን ያደርጋል? ወንዝ ዳር ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ሴትዮ፣ ምኑን ታስቢያለሽ? ባቡር የሚመረጠው በወንበሩ ነው በጣቢያው?»

እኛ የጣቢያ ሰዎች ነን። በደጉ ጊዜ ባቡሩ አዋሽ ሲደርስ መንገደኛው ወርዶ ምሳ ይበላ ነበር። ይዘገያል፣ ይበላሻል፣ ጀምበር ጠልቃበት ይመጣል፤ ነገር ግን ሳይቆም አያልፍም። ባለቤቴ ሥራው ጣቢያው ውስጥ ነበርና ባቡሩ ገና ሳይታይ ድምፁን ለይቶ «መጣ» ይለኝ ነበር። መቆሚያው የታወቀ ነገር ይቆማል ብለን ነው ያደግነው። መርከብም እንደዚያ መሰለን።

ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ሲከብደን የምንሰግደው ሶላት አለ፤ ኢስቲኻራ ይባላል። ሰገድኩ። «ያ ረቢ፣ ኸይር ከሆነ አግራልኝ፤ ኸይር ካልሆነ እሱን ከእኔ መልሰው፣ እኔንም ከእሱ መልሰኝ» ብዬ ለመንኩ። ልቤ ወደ ጅቡቲ አዘነበለ። ደውዬ «ትንሿን ያዢ» አልኳት።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሰመራ ነው የሚኖረው፤ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በአውቶቡስ እሱ ዘንድ ወረድኩ። ለድንበር የሚያስፈልገኝን ወረቀት አስጨርሶ ጠበቀኝ። አላህ ይስጠው፣ ለወንድሙ ሚስት እንዲህ የሚደክም ብዙ የለም። ቆሎውን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን መኪናው ላይ ሲጭንልኝ ከረጢቱን መዝኖ አየኝ።

«እትዬ፣ መርከቧን ልታሰምጪያት ነው?»

«ዝም ብለህ ጫን።»

«እጭናለሁ። ካፒቴኑ ቢጠይቀኝ ግን አላውቃትም ነው የምለው።»

ድንበሩን ጋላፊን አልፈን ጥቁር ድንጋይ የሞላበትን ምድር ስናቋርጥ እንኳ ቀልዱን አላቆመም። ያውቃል፤ እኔ ዝም ስል ምን እንደማስብ። ልጄን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በልጅነት ፊቷ ነው። አሁን ምን እንደምትመስል ከፎቶ በቀር አላውቅም፤ ፎቶ ደግሞ ሽታ የለውም።

ጅቡቲ ስንደርስ ንፋስ ነበር፣ አሸዋ የያዘ ንፋስ። በማለዳ ከባሕሩ ዳር ቆምን። መርከቦች ራቅ ብለው ቆመው ይታያሉ። የባለቤቴ ወንድም ወደቡ ላይ የሚያውቀውን ሰው ሊጠይቅ ሄደ። ሲመለስ ቀልዱ አብሮት አልነበረም።

«እትዬ፣ ንፋሱ በርትቷል። ለትንሽ መርከብ መግባት ያሰጋል ብለዋል። ትታው ወደሚቀጥለው ወደብ ትሄዳለች።»

«እስኪበርድ አትጠብቅም?»

«አትጠብቅም። መንገደኛው ብዙ ነው፣ ቀኑ የተቆጠረ ነው።»

«ግን እዚህ ትቆማለች ተብሏል እኮ።»

«ተብሏል» አለ።

ያኔ ስልኬ ጠራ፤ ልጄ ናት። ከየብስ ኔትወርክ ለጥቂት ጊዜ ይዞላታል።

«እማ፣ ነገሩሽ?»

«ነገሩኝ።»

«እዚህ ድረስ አምጥቼሽ…» መጨረስ አልቻለችም።

«ያመጣኝ አላህ ነው። አንቺ ደህና ነሽ? ትተኛለሽ?»

«እተኛለሁ» አለች። በኋላ እንደሰማሁት፣ በሞተሩ ጩኸትና በሙቀቱ እንቅልፍ የሚባል አላየችም፤ አሮጊቷም ሌሊቱን ሙሉ ያስመልሳቸው ነበር። «ውጪ ቆሜያለሁ። ነጭ ሻሽ እያውለበለብኩ ነው። ታይኛለሽ?»

የባለቤቴ ወንድም በጣቱ ወደ ሩቅ አሳየኝ። «ጭነት የሌላት፣ ነጯ» አለ። አንዲት ነጭ ነገር አየሁ፤ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። ሻሼን ፈትቼ አውለበለብኩ።

«አየሁሽ» አልኳት።

«እኔም አየሁሽ እማ። አረንጓዴ ነው የለበስሽው፣ አይደል?»

የለበስኩት ቡኒ ነበር። «አዎ፣ አረንጓዴ ነው» አልኳት።

ድምጿ ተቆራርጦ ጠፋ። ነጯን ነገር ከሌላው ለይቼ ማየት እስኪያቅተኝ ቆምኩ። ዱዓዬን ሳደርግ «ኸይር ካልሆነ መልሰኝ» ያልኩትን በምላሴ ብቻ እንዳልኩት የገባኝ እዚያ ነው። ግን ተሰምቶልኛል። የሰማኝ ጌታ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ይህን አምናለሁ። ቢሆንም አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። የባለቤቴ ወንድምም አጠገቤ ተቀመጠ። ከረጢቱን ወደብ ላይ ጭነት ለሚሸከሙ ሰዎች በሰደቃ ሰጥተን ተመለስን።

ዘንድሮ አሮጊቷን እንደገና ባሕር አማራቸው። ልጄ ደወለች። አሁንም ሁለቱ መርከቦች ናቸው፤ ትንሿም ያንኑ መንገድ ትሄዳለች።

«ምናልባት ዘንድሮ ንፋስ አይኖርም እማ።»

ጎረቤቴ ከጎኔ ሆና በእጇ «ትንሿን በያት» እያለች ትጠቅሰኛለች።

«ትልቋን ያዢ» አልኳት።

«የምትቆመው ሩቅ ነው እኮ። ልትመጪ አትችዪም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ትንሿ ጅቡቲ የምትቆመው አንድ ቀን ነው፤ አንቺ ግን ሁሉንም ሌሊት የምትተኚው መርከቧ ላይ ነው።»

«እሺ» አለች፣ ስትታዘዘኝ እንደምትለው አድርጋ።

ከተሳፈረች በኋላ የክፍሏን ፎቶ ላከችልኝ። አልጋው ተነጥፏል፤ ከራስጌው ባለው መስኮት ባሕር ይታያል። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ጎረቤቴ ስልኩን ተቀብላኝ ብዙ አየችውና «እሷ የለችበትም እኮ» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «አልጋውን ነው ያነሳችልኝ።»